ኤሲው ሲጠፋ ቁሚና ኮፈኑን ክፈቺ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ሲያርፍ የተወልኝ የ2000 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ስለሆነች በየወሩ ለክትትል ጎንደር አመላልሳታለሁ። ሙቀት አይስማማትም። የመኪናው ኤሲ ግን አመሉ አይታወቅም። ጠዋት ስንነሳ እንደ በረዶ ያቀዘቅዛል። ሐሙሲትን አልፈን ወረታ ልንገባ ስንል አየሩ እንደነፈሰ ሙቅ ይሆናል። ወረታ ሻይ ጠጥተን ስንነሳ ምንም እንዳልነበረ ይሠራል። ከተማ ውስጥም ገበያው አካባቢ መንገድ ሲጨናነቅ እንዲሁ ያደርገኛል። ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞላሁ። ለሳምንት የተሻለው መሰለኝና ያው ሆነ። አንድ መካኒክ ‹ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር› አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹ሽጪውና ተገላገዪ› ይላል። የአባቴ መኪና ነውና አንጀቴ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ? ደግሞስ ክረምት ላይ ኤሲ ጨርሶ አልከፍትም፤ ጉዳት አለው?»

መልስ፦

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እናትሽንም እግዜር ይማርልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ሰው «ኤሲዬ አልሠራ አለ» ብሎ ይጽፍልኛል፤ ከዚያ ሌላ ነገር የለውም። አንቺ ግን የት እንደሚጠፋ፣ አየሩ መንፈሱን እንደማያቆም፣ ሲያርፍ እንደሚመለስ ነግረሽኛል። የሥራው ግማሽ ይኸው ነው።

መኪናውን አትሽጪ። ኮምፕሬሰርም፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋውን ፓምፕ፣ ገና አትግዢ። ሦስተኛ ጊዜ ጋዝ አታስሞዪ። የሞተ ኮምፕሬሰር ግማሽ ሰዓት ስላረፈ ብቻ ነፍስ አይዘራም። ያንቺ በየጠዋቱ እንደ በረዶ ያቀዘቅዛል ካልሽ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሥራውን የሚያስቆመው ሌላ ነገር አለ። ያንን ነገር ደግሞ ጋራዥ ሄደሽ አታገኚውም። ጋራዥ እስክትደርሺ፣ ወረፋ እስክትጠብቂ ሞተሩ ይበርዳል፤ መካኒኩ ሲከፍተው ያቀዘቅዛል። እሱ ምን ያድርግ? ይገምታል። እየመጣ የሚሄድ ብልሽት እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በግምት ገንዘብ ይበላል።

መጀመሪያ ስለ ጋዙ። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፣ እንደ ዘይትም አያረጅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። ጎደለ ማለት ሾልኳል ማለት ነው። የሾለከበት ሳይፈለግ መሙላት ቀዳዳ እንስራ ላይ ውሃ መጨመር ነው። ደግሞ ጋዝ ሲጎድል ምልክቱ ያንቺ ዓይነት አይደለም። ኮምፕሬሰሩ በየጥቂት ሴኮንዱ ጧ ብሎ ይነሳል፣ ወዲያው ጧ ብሎ ይቆማል፤ እንደገና ይነሳል። በቱቦው ላይ ያለው የግፊት ማብሪያ ግፊቱ ከ2 ባር በታች ሲወርድ ስለሚያጠፋው ነው። እንዲህ የሚያደርግ መኪና ጠዋትም ቀትርም ቅዝቃዜው ደካማ ነው። ያንቺ ጠዋት ጎበዝ ነው።

እንግዲህ አየሩ በኃይል እየነፈሰ ከሞቀ፣ ከረጅም መንገድ በኋላ ከጠፋ፣ ሲያርፍ ከተመለሰ፣ እኔ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ማግኔት ክላች ነው። ሌላው ቱቦው ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ሁለቱም ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ወረታ ላይ ሻይ እስክትጠጡ ይድናሉ። መለያቸው አንድ ነው፦ ኤሲው በሞቀበት ቅጽበት ኮምፕሬሰሩ ይዞራል ወይስ ቆሟል?

ይህን አንቺ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። በሚቀጥለው ጉዞ ወረታ አካባቢ አየሩ ሲሞቅብሽ ሞተሩን አታጥፊ፣ ኤሲውንም አትዝጊ። ከመንገዱ ውጪ ደልዳላ ቦታ ላይ ቁሚ። የእጅ ፍሬን ያዢ፣ ማርሹን ባዶ አድርጊ። ነጠላሽን አውልቀሽ ለእናትሽ ስጪያት፤ ጸጉርሽንም ወደ ኋላ እሰሪ። ይህንን የምለው የሚዞር ቺንጊያ (የሞተሩ ቀበቶ) ጨርቅ ሲይዝ አይለቅም ብዬ ነው፤ ቀልድ የለውም። ኮፈኑን ክፈቺ። ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦ ተሰክቶበታል፣ ፊቱ ላይ ቺንጊያ የሚያዞረው ፑሊ አለው። አጎንብሰሽ እጅሽን አትስደጂ። የስልክሽን መብራት አብሪና ከላይ ሆነሽ ቪዲዮ ቅረጪ።

ቪዲዮው ላይ የምትፈልጊው ይህን ነው። ፑሊው ሞተሩ እስከተነሳ ድረስ ሁልጊዜ ይዞራል፤ እሱ ምንም አይነግርሽም። ከፑሊው ፊት ለፊት፣ መሃሉ ላይ ብሎን ያለው ሌላ ክብ ብረት አለ። ትንሽ ሳህን በይው። ኤሲ ስትከፍቺ ከፑሊው ኋላ ያለ የሽቦ ጥቅል ማግኔት ይሆንና ያንን ሳህን ስቦ ከፑሊው ጋር ያጣብቀዋል። ያኔ ሁለቱ አንድ ላይ ይዞራሉ፤ ኮምፕሬሰሩም መሥራት ይጀምራል። አየሩ ሞቆ ሳለ ፑሊው እየዞረ ሳህኑ ከቆመ፣ ብሎኑ ቁጭ ብሎ ካየሽው፣ ሌባው ተይዟል። ችግሩ ጋዝ አይደለም። ኮምፕሬሰሩን ሥራ የሚያስጀምረው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ እንዳንቺ ዕድሜ ጠገብ በሆኑ መኪኖች ላይ አብዝቼ ያየሁት ይህን ነው። በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከጥፍር ውፍረት ብዙም አይርቅም። ሳህኑ በተጣበቀና በተላቀቀ ቁጥር ፊቱ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠራ ክፍተቱ ይሰፋል። ጠዋት ሽቦው ቀዝቃዛ ስለሆነ ማግኔቱ ጉልበት አለው፤ ርቀቱ ቢሰፋም ስቦ ይይዘዋል። ሽቦው መዳብ ነው። መዳብ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሲወጣ ጭማሪው 30 በመቶ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት የሚያልፈው ከረንት ይቀንሳል፤ ማግኔቱ ይደክማል። የፎገራ ሜዳ ፀሐይ፣ የሞተሩ ሙቀት፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲደመር ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ስታርፉ ይቀዘቅዛል፤ ጉልበቱ ይመለሳል። ያንቺ ደብዳቤ ይህንን ነው የሚመስለው።

ጥገናው ደግሞ ከምታስቢው ይቀልላል። ሳህኑን የያዘው አንድ ብሎን ነው። ሲፈታ ከኋላው ስስ ሮንዴላዎች አሉ። አንዱን ማውጣት ወይም በሳሳ መቀየር ክፍተቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የጋዙ መስመር አይነካም፣ ጋዝ አይፈስም። አንዲት ስስ ሮንዴላ ናት ኮምፕሬሰር የምታስቀይረው። ሽቦው ራሱ ተቃጥሎ ከሆነም ክላቹ ለብቻው የሚቀየርበት መንገድ አለ፤ ያገለገለም ይገኛል።

ግን ክፍተቱ ከመነካቱ በፊት ኤሌክትሪሻኑ አንድ ነገር ይለካልሽ። ሳህኑ በቆመበት ሰዓት ወደ ክላቹ በሚሄደው ሽቦ ላይ ቴስተር ያድርግ። ሞተሩ እየሠራ ከ13 ቮልት በላይ እየደረሰው፣ ማሳውም (ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው አካል የሚመልሰው ሽቦ) ደህና ሆኖ ሳህኑ ካልተሳበ ጥፋቱ የክላቹ ነው። ቮልቱ ካልደረሰ ወይም 9 እና 10 ከሆነ ወደ ላይ ይከተል፦ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ)፣ ፊውዙ፣ የግፊት ማብሪያው ሶኬት፣ ማሳው። ሪሌ ሲያረጅ ውስጡ ይጠቁራል፤ ሲሞቅ ይለቃል። በዚያው ሳጥን ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሪሌ ካለ ቦታ አቀያይሮ ማየት ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ማሳን ለይቼ የጠራሁት ቂም ስላለኝ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የነበረኝ መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ኤሲው ይጠፋ ነበር። ደጀን ላይ ደህና ነው፤ ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ እሳት ይሆናል። አንድ ጋራዥ ኮምፕሬሰር ቀየረልኝ። ያለኝን ጨርሼ ከፈልኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ዳገቱ ላይ እዚያው ቦታ ጠፋ። በኋላ አንድ አረጋዊ ኤሌክትሪሻን የማሳውን ሽቦ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ይቺን አይተሃታል?» አለኝ። ብሎኑ ሥር ያለው ብረት አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። በሸካራ ወረቀት ፈገፈገው፣ አጠበቀው። አበቃ። የቀድሞውን ኮምፕሬሰሬን ማንም አልመለሰልኝም። ያንቺን አስቀይሪ ሲሉሽ የተቆጨሁት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ቪዲዮው ላይ ሳህኑ እየዞረ አየሩ ግን ሙቅ ቢሆንስ? ያኔ ውሃ እጠረጥራለሁ። የምጠረጥረውም ሁለት ጊዜ ጋዝ ስላስሞላሽ ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ እርጥበት አብሮ ይገባል። ጋዙ ወደ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ከመግባቱ በፊት እንደ መርፌ ዓይን ጠባብ በሆነ ቫልቭ ያልፋል። እዚያ ላይ በጣም ስለሚቀዘቅዝ የውሃ ጠብታ ካገኘ በረዶ አድርጎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ኮምፕሬሰሩ እየዞረ ቅዝቃዜ ይቀራል። ሲያርፍ በረዶው ይቀልጣል፣ መንገዱ ይከፈታል። ከዚያ ደግሞ ይረጋል። ጋዝ ሲጨምሩበት አይጠፋም።

መድኃኒቱ ቫኪዩም ነው። ያለው ጋዝ በማሽን ይሰበሰባል፤ እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያ ፊልትሮ ይቀየራል፤ ከዚያ በፓምፕ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ቱቦው ባዶ ይደረጋል። ባዶ ሲሆን ውስጡ ያለው ውሃ ያለ እሳት ፈልቶ ይወጣል። ይህንን የምናውቀው ነገር ነው፦ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነች ድስት ላይ ያለው ውሃ 100 ሳይደርስ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ውሃ ቶሎ ይፈላል ማለት ነው። ፓምፑ ያንን እስከ መጨረሻው ይወስደዋል።

ይህንን ዓምድ ለሚያነቡ ልጆቻችን መካኒኮች አንድ ቃል። መጽሐፉ «ከዜሮ በታች 1 ባር» ቢልም እዚህ ከተማ ጌጃችሁ 0.8 አካባቢ ላይ ይቆማል፤ በኢንች ከሆነ 24 ግድም። ከፍታው ነው፣ ፓምፑ አልተበላሸም። ዋናው ነገር ፓምፑን ዘግታችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ስትጠብቁ መርፌው ባለበት መቆየቱ ነው። ከተመለሰ ቀዳዳ አለ፤ ጋዝ አትሙሉበት።

ሲሞላልሽ ደግሞ ጋዙ በሚዛን ይሁን። የብዙ ትናንሽ መኪኖች መጠን ከ500 እስከ 700 ግራም ነው፤ የራስሽን ልክ ኮፈኑ ሥር ያለው መለጠፊያ ይነግርሻል። «በጌጅ አየሁት፣ በቃው» የሚል አሞላል አልወድም። ያንቺ ሁለት ጊዜ ሳይመዘን ከተደረበበት በዝቶም ሊሆን ይችላል። የበዛ ጋዝ ከጎደለው አይሻልም።

ይህ ወደ ገበያው ጉዳይ ይወስደኛል። መጨናነቅ ውስጥ ሲሆን ነፋስ ስለሌለ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር የሚበርደው በቬንቲሌተር (በማራገቢያው) ብቻ ነው። ቬንቲሌተሩ ከደከመ ግፊቱ ይወጣል። 31 ባር አካባቢ ሲደርስ ያው የግፊት ማብሪያ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል፤ ጋዝ ከበዛ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ ቤት በር ላይ ቆመሽ ኤሲ ክፈቺና ቬንቲሌተሩ መነሳቱን እይ። ካልተነሳ ይህም አለብሽ ማለት ነው። ግን ወረታ መንገድ ላይ እየነዳሽ፣ ነፋሱ እየገባ ስለሚጠፋ ቬንቲሌተሩ ብቻውን ተጠያቂ አይሆንም። የኮንደንሰሩን ፊት ደግሞ እይው፤ የሐይቁ ዳር ትንኝና የመንገድ አቧራ እንደ ጭቃ ይለጠፍበታል። ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ውሃ ይታጠብ። በኃይለኛ ማጠቢያ ከተመታ ስስ ክንፎቹ ይተኛሉ።

የሞተር ሙቀት ጌጅሽንም አትርሺ። በብዙ መኪኖች ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኤሲው ራሱ እንዲጠፋ ተደርጓል። ፎገራ ላይ መርፌው ከወትሮው ከፍ ብሎ ካየሽ ኤሲውን ተዪው፤ ራዲያተሩ ይታይ።

ስለ ጋዝ አንድ ማስጠንቀቂያ ቀረኝ። ያንቺ ሞዴል አር 134 ኤ የሚባለውን ነው የሚወስደው። ማንም «በምግብ ማብሰያ ጋዝ እንሙላው፣ ይረክሳል» ቢልሽ ቁልፍሽን ተቀበይና ውጪ። በእሳት የሚያያዝ ነገር እናትሽ ከምትቀመጥበት ፊት ለፊት በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ አይገባም። ትክክለኛውም ጋዝ ቢሆን ከቱቦ ሲያመልጥ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፤ ዓይን ወይም እጅ ላይ ከደረሰ ያቃጥላል። ቱቦ አንቺ አትፍቺ።

ይህ እስኪስተካከል ለእናትሽ ማለዳ ተነሡ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ፎገራን ትለፉ። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ከነበረ መስኮቶቹን ከፍተሽ አንድ ሁለት ደቂቃ ንጂ፤ የታፈነው አየር ይውጣ። ከዚያ ዝጊና አየሩ ከውጭ እንዳይገባ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫኚ። ደካማ ኤሲም በዚህ ይታገዛል። የሚጠጣ ውሃ ከአጠገቧ አይጥፋ።

የክረምቱን ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። አዎ፣ ጉዳት አለው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ለወራት ሳይከፈት ሲቀር ጎማ መያዣዎቹ ይደርቃሉ፤ ጋዝ መሹለክ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ክፈቺው። ደግሞ ባሕር ዳር ዝናብ ሲመታ መስታወቱ በእንፋሎት ሲሸፈንብሽ በጨርቅ አትታገዪ። ኤሲውን ክፈቺ፣ ሙቀቱንም አብረሽ፤ አየሩን ስለሚያደርቀው መስታወቱ በደቂቃዎች ይጠራል።

ወንድምሽ ክፉ አላሰበም፤ ስለ እናቱ ነው። ቪዲዮውን ለእሱም ላኪለት።

ለእኔ ደግሞ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፦ ወረታ ላይ አየሩ ሲሞቅ ሳህኑ ቆሞ ነበር ወይስ ይዞር ነበር?